በቀጠሮ ወይስ በሌሊት? ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ቡአና የሕክምናው ወጪ

[የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል]

አቅራቢ፦ ቡና ያቀረባችሁ፣ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ሕፃን ታቅፋችሁ ሬዲዮናችሁን ጠጋ ያደረጋችሁ ሁሉ፣ ወደ ሳምንታዊው የጤና ዝግጅታችን እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን የሕፃን ልብስ ሲቀየር ካልሆነ በቀር ዓይን ውስጥ አይገባም። ጣጣው ግን ቤት ያናጋል። ስለ ቡአ ነው የምናወራው፤ ሐኪሞች ሄርኒያ ስለሚሉት። የምናወራውም በተለይ ቀናቸው ሳይደርስ ስለተወለዱ ሕፃናት ነው።

ከበሽታው ጋር ደግሞ ስለ ገንዘብ እናወራለን። አንድ ሕፃን በቀጠሮ ቀን ሲታከምና ያው ሕፃን በድንገት፣ በሌሊት ሲታከም ቤተሰቡ የሚያወጣው ለምን ያን ያህል ይራራቃል? ጥያቄው ይህ ነው።

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

አቅራቢ፦ ለመሆኑ ቡአ ከየት ይመጣል?

ወንድ ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ የዘር ፍሬው ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት በብሽሽቱ በኩል ወርዶ ቦታውን ይይዛል። ሲወርድም የሆድን የውስጥ ሽፋን አብሮ ስቦ ስለሚወርድ፣ አፉ ያልተቋጠረ ከረጢት ይመስላል። የከረጢቱ አፍ በመወለጃው ሰሞንና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት እየተዘጋ ይሄዳል።

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደው ልጅ ግን ሥራው ሳያልቅ ነው የወጣው። የከረጢቱ አፍ ክፍት ነው። አንጀት በዚያ ክፍት ቦታ ሾልኮ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ አንዳንዴም እስከ ቆለጡ ይደርሳል።

ያለጊዜው ተወለደ የምንለው 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደውን ነው። ጊዜያቸውን ጠብቀው የተወለዱ 100 ሕፃናትን ብናይ፣ ቡአ የሚገኝባቸው ከ1 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። በጣም ቀድመው፣ በጣም ትንሽ ሆነው ከተወለዱት 100 ውስጥ ግን እስከ 30 ሊደርሱ ይችላሉ። ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ከግራ ይልቅም በቀኝ በኩል። ሴቶች ላይም አለ። በሴት ሕፃን ብሽሽት ላይ ትንሽ ጠጠር ያለች እብጠት ከታየች፣ የወረደው እንቁላል የሚያመርተው አካል ሊሆን ስለሚችል፣ ባታምማትም ሐኪም ቶሎ ማየት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ እናቶችን ያስለቀሰ ነገር ነው። በየቤቱ «አስለቅሰሽው ነው ቡአ የወረደበት» ይባላል። አማት ትላለች፤ ጎረቤት ትላለች። እውነት ነው? አይደለም። ልቅሶ ክፍተቱን አይፈጥረውም። ልጁ ሲያለቅስ፣ ሲያስል፣ ሲያምጥ ሆዱ ስለሚገፋ የተደበቀው ይታያል እንጂ፣ ክፍተቱ ከመወለዱም በፊት ነበር። ስለዚህ እናቲቱን ተዉአት።

[የሕፃን ልቅሶ ድምፅ፣ ለጥቂት ሰከንድ፤ ከዚያ ይጠፋል]

አቅራቢ፦ ታዲያ እቤት ሆነን እንዴት እናውቀዋለን?

ልብሱን ስትቀይሩለት፣ ስታጥቡት፣ ደረታችሁ ላይ አስተኝታችሁ ስታሞቁት ብሽሽቱን ሁለቱንም በኩል እዩ። ሲያለቅስ ብቅ የሚል፣ ሲተኛ የሚጠፋ፣ ሲነካ ለስላሳ የሆነ እብጠት ካለ ቡአ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት ስትደርሱ ልጁ ተኝቶ እብጠቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው። የእጅ ስልክ ካላችሁ ብቅ ባለበት ሰዓት ፎቶ አንሱት። ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

ከእምብርት እብጠት ጋር ግን አታምታቱት። እምብርቱ ላይ ቡፍ የሚለው በአብዛኛው ልጁ ሲያድግ በራሱ ይዘጋል። የብሽሽቱ ግን ጎረቤታችሁ ልጅ ላይ የእምብርቱ ስለጠፋ እሱም ይጠፋል ተብሎ የሚተው አይደለም።

አሁን ዋናውን አደጋ ልንገራችሁ፤ በደንብ አድምጡኝ። የወረደው አንጀት አንዳንዴ ተመልሶ መግባት ያቅተዋል። ይታነቃል። ደም አይደርሰውም። ያን ጊዜ እብጠቱ ይጠነክራል፣ ሲነካ ልጁ ይጮኻል፣ ቆዳው ይቀላል ወይም ይጠቁራል። ጡት እምቢ ይላል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ያስመልሰዋል፤ ትውከቱም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

ደግሜ ልበለው። የጠነከረና የማይመለስ እብጠት፣ የማያባራ ልቅሶ፣ ትውከት። ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ ጠዋት አትጠብቁ። ጡትም ሆነ ውኃ አትስጡት። እብጠቱን በኃይል አትግፉት፤ በመቀነትም አትሰሩት። ይዛችሁት ሂዱ።

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

አቅራቢ፦ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንድ ሕፃን በሐሳባችን እንያዝ። ወንድ ነው፤ በ30 ሳምንቱ ተወለደ። ወላጆቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ሪፈራል ሆስፒታሉ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃቸዋል። ቡአው የታየው ገና ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሳይወጣ ነው። ይህንን አንድ ልጅ በሁለት መንገድ እንከተለው።

በመጀመሪያው መንገድ ሐኪሙ ለወላጆቹ ነግሯቸዋል፣ ቀጠሮም ጽፎላቸዋል። አባት ቀኑን ስለሚያውቅ ሁለት በግ በገበያ ቀን፣ ተከራክሮ፣ በደህና ዋጋ ይሸጣል። ከዋዜማው በአውቶቡስ ይሄዳሉ፤ ከተማ ያለች ዘመድ ዘንድ ያድራሉ። ጠዋት ካርድ ያወጣሉ። የልጁ ደም ይመረመራል፤ የደም ማነስ ካለበት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይታወቃል። እናት ሐኪሙ በነገራት ሰዓት ማጥባት ታቆማለች። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ከዚያ አንድ ሌሊት ተኝቶ ይጠበቃል። ለምን? ያለጊዜያቸው የተወለዱ ትንንሽ ሕፃናት ከሰመመን በኋላ ለአፍታ መተንፈስ ሊረሱ ይችላሉ። ትንፋሽና የልብ ምት የሚቆጣጠር መሣሪያና ነቅታ የምትጠብቅ ነርስ ያስፈልጋሉ። ይህቺ አንድ ሌሊት ገንዘብ ታስወጣለች፤ ግን አስቀድሞ የታወቀች ወጪ ናት። በማግስቱ ልጁ ጡቱን ጠብቶ ወደ ቤቱ።

ወጪው ምን ምን ሆነ? ካርድ፣ የደም ምርመራ፣ ኦፕራሲዮን፣ ሰመመን፣ የአንድ ሌሊት አልጋ፣ ትንሽ የሕመም ማስታገሻ፣ የሁለት ሰው መሳፈሪያና ምግብ።

[ለአፍታ ዝምታ]

ሁለተኛው መንገድ። ቀጠሮ የለም፤ ወይም ቀጠሮ ነበረ፣ እርሻው ደርሶ ተረሳ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልጁ ጮኸ። እብጠቱ እንደ ወትሮው አልመለስ አለ። ንጋት ላይ አስመለሰው።

አሁን ቆጠራው ይጀምራል። አውቶቡስ የለም፤ ኮንትራት መኪና ይፈለጋል። ባለመኪናው የወላጆቹን ፊት አይቶ ዋጋ ይጠራል፤ ማን ይከራከረዋል? በእጅ ብር የለም። በጎቹ ገበያ ሳይወጡ ለጎረቤት በግማሽ ዋጋ ይሄዳሉ፤ የጎደለው በወለድ ይበደራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሐኪም ቤት ደጃፍ ገና አልተደረሰም።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ግሉኮስ ተተክሎለት ሪፈር ይጻፍለታል። ከዚያ ሌላ መኪና። ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ ማስታገሻ ሰጥቶ እብጠቱን በሠለጠነ እጅ፣ በዝግታ ለመመለስ ይሞክራል። በአብዛኛው ይሳካል። ተሳካ ማለት ግን ወደ ቤት መሄድ አይደለም። የተቆጣው ሥጋ እንዲረጋ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተኝቶ ይቆይና ከዚያ ይሠራለታል። እነዚያ ቀናት አልጋ ናቸው፣ ፈሳሽ ናቸው፣ የአስታማሚ ምግብ ናቸው።

ካልተመለሰስ? ያኔ በዚያው ሰዓት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባል። ሥጋው አብጧል፤ ከረጢቱ በዚያ ዕድሜ ከወረቀት የሳሳ ነው፤ ሥራው ይረዝማል። አንጀቱ ከሞተ የሞተው ተቆርጦ ይቀጠላል። ልጁ ለቀናት በአፉ ምንም አይወስድም፤ ጽኑ ሕክምና ክፍል ይተኛል፤ ምናልባት የትንፋሽ ማገዣ መሣሪያ ያስፈልገዋል። አንቲባዮቲክ፣ ራጅ፣ ተደጋጋሚ የደም ምርመራ ይመጣል። ደም ካስፈለገ ዘመድ ደም እንዲሰጥ ይጠራል። ፋርማሲው «ይሄኛው የለንም፣ ከውጭ ግዙ» ካለ አባት ማዘዣውን ይዞ በማያውቀው ከተማ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል። የዘር ፍሬውም ደም አጥቶ ከቆየ ሊመነምን ይችላል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ በደረሰኝ ላይ አይጻፍም።

ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ቡአው ያው ነው፤ ሆስፒታሉም ያው ነው። በአንደኛው አንድ ሌሊት፣ በሌላኛው ምናልባት ሁለትና ሦስት ሳምንት። ልዩነቱን ያመጣው ሰዓቱን የመረጠው ማን እንደሆነ ነው፤ ቤተሰቡና ሐኪሙ ወይስ የታነቀው አንጀት?

ሌላም ተጎጂ አለ። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስን ነው። ድንገተኛው ሲገባ በቀጠሮ መጥታ፣ ልጇን ጡት ከልክላ ተሰልፋ የምትጠብቅ የሌላ እናት ልጅ ተራውን ያጣል። «ሌላ ቀን ኑ» ትባላለች። የእሷ መሳፈሪያም በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

አቅራቢ፦ እንግዲህ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ምን ይጠበቃል? ልጁ እንደተወለደ፣ ቡአው እንደታየ ለምን አይሠራለትም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለብዙ ዘመን ሐኪሞችም በዚህ ሲከራከሩ ኖረዋል።

አሜሪካ ውስጥ በ39 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት አለ። ውጤቱ የታተመው በፈረንጆቹ 2024 ነው። ቡአ ያለባቸው፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ 338 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ከጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ሳይወጣ እንዲሠራለት፣ ሁለተኛው ከ55 ሳምንት በኋላ እንዲሠራለት ተደረገ። ቶሎ ከተሠራላቸው 100 ሕፃናት በ28ቱ ላይ ቢያንስ አንድ ከባድ የጤና ችግር ሲገጥም፣ በጠበቁት ላይ ግን በ18ቱ ነው የገጠመው። እነዚህ ችግሮች በአብዛኛው ከትንፋሽና ከልብ ምት ጋር የተያያዙ ናቸው። ሆስፒታል የተኙባቸው ቀናትም በጠበቁት ዘንድ አነስ ብለዋል። የተኙበት ቀን አነሰ ማለት ወጪውም አነሰ ማለት ነው።

55 ሳምንት ሲባል እንዳትደናገጡ። የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ሳይሆን እናት የመጨረሻ የወር አበባዋን ካየችበት ቀን ጀምሮ ነው። ያ በ30 ሳምንቱ የተወለደው ልጃችን 55 ሳምንት የሚሞላው ከተወለደ ከ25 ሳምንት በኋላ ነው፤ 6 ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ሳንባው በርትቶ፣ ክብደት ጨምሮ፣ ሰመመኑን በተሻለ አቅም ይቀበላል።

ታዲያ ይህ «ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» ማለት ነው? በፍጹም አይደለም። እነዚያ ሕፃናት የጠበቁት ወላጆቻቸው ምልክቱን ተምረው፣ ቀን ተቆርጦላቸው፣ ሐኪም እየተከታተላቸው ነው። ቀጠሮ ይዞ መጠበቅ ራሱ ሕክምና ነው። ቀጠሮ ሳይዙ ቀን መቁጠር ግን የሌሊቱን መኪና መጠበቅ ነው።

መጠበቅ ዋጋ እንደሚያስከፍልም ከሌላ አገር እናውቃለን። በካናዳ፣ በፈረንጆቹ 2008 የታተመ ጥናት ቡአቸው ከታወቀ በኋላ ከ14 ቀን በላይ ተራ የጠበቁ ሕፃናትና ትንንሽ ልጆች ላይ አንጀት የመታነቁ ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ያ ጥናት ያለጊዜያቸው ስለተወለዱት ብቻ አይደለም፤ ከአሜሪካው ጋር የተጣላ ቢመስልም አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሉት ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ጊዜ አለው ነው። ጊዜውን ጠብቆ ተወልዶ ጤናማ የሆነው ልጅ ወረፋው ባይረዝምበት ይሻላል። ቀድሞ የተወለደው፣ ትንፋሹ ገና ያልጠናው ደግሞ በክትትል ቢጠብቅ ሊጠቅመው ይችላል።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልጨምር። የአሜሪካው ጥናት የተሠራው መንገድ፣ አምቡላንስና የሕፃናት ቀዶ ሐኪም በቅርብ በሚገኝበት አገር ነው። በእኛ አገር የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች በአብዛኛው ያሉት በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። ክረምት ወንዝ ሲሞላ መንገዱ ለሚቋረጥበት ቤተሰብና ሆስፒታሉ ጎን ለሚኖር ቤተሰብ «ጠብቁ» ማለት አንድ ዓይነት ምክር አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ ቀኑን ሲወስን የምትኖሩበትን ርቀት አትደብቁት። «ቤታችን ከዚህ የስንት ሰዓት መንገድ ነው፣ በሌሊት መኪና አይገኝም» በሉት። ይህም እንደ ደም ምርመራው ሁሉ ለውሳኔው ያስፈልገዋል።

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

አቅራቢ፦ ስለ ሰመመንም ወላጆች ይሰጋሉ። «አእምሮውን አይጎዳውም ወይ?» ይላሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። በ7 አገሮች፣ በ28 ሆስፒታሎች 722 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ይህንኑ መርምሯል። ሁሉም የገቡት ለቡአ ቀዶ ሕክምና ነበር። ከፊሎቹ ሙሉ ሰመመን ወሰዱ፤ ከፊሎቹ ነቅተው ከወገባቸው በታች ብቻ ደነዘዙ። 5 ዓመት ሲሞላቸው ሲፈተኑ በአእምሮ ዕድገታቸው ልዩነት አልታየም። ይህ የሚመለከተው ከአንድ ሰዓት በታች ለሆነ፣ አንድ ጊዜ ለተሰጠ ሰመመን ነው። በቀጠሮ የሚሠራ ቡአ ደግሞ በአብዛኛው በዚያ ውስጥ ያልቃል።

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

አቅራቢ፦ ገንዘቡን እንዴት እናዘጋጅ? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ አሁን ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አባል ከሆናችሁ ሦስት ነገር አረጋግጡ። የዓመቱ ክፍያ ታድሷል ወይ? አዲሱ ሕፃን በቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል ወይ? የሪፈር ወረቀት ይዛችኋል ወይ? ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ወደ ኪሳችሁ ሊመልሰው ይችላል።

መድኑ ሕክምናውን እንጂ መሳፈሪያውን፣ ማደሪያውንና ምግቡን አይሸፍንም። ገንዘቡ የሚያልቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። እቁብ ያላችሁ፣ ከቀጠሮው ቀን በፊት ዕጣ እንዲሰጣችሁ ዳኛውን መጠየቅ ትችላላችሁ። ለልጅ ሕክምና ነው ሲባል እምቢ የሚል የእቁብ ዳኛ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልመልስና እንሰነባበት። ቀጠሮው ሲደርስ ልጁን ጉንፋን ቢይዘው፣ ቢያስለው፣ ቢያተኩሰው ምን ይደረግ? ብዙ ወላጅ የደከመበት ቀጠሮ እንዳይሰረዝበት ፈርቶ ይደብቃል። አትደብቁ። የጉንፋን ሳንባና ሰመመን አይስማሙም። ስልክ ካላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ንገሩ፤ መሳፈሪያችሁም ይተርፋል። ሐኪሙ ቀኑን ካዛወረ ታዲያ «እንደውላለን» የሚል መልስ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። አዲሱን ቀን በካርዱ ላይ አስጽፉ፤ እስከዚያው እብጠቱ ከጠነከረ በሌሊት ለማን እንደምትደውሉና የትኛው በር እንደምትሄዱም ጠይቁ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ጨቅላ ሕፃናት የደም ማነስ እንነጋገራለን። ደህና ሰንብቱልን።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]